ለስንፈተ ወሲብ የቤት ውስጥ መላ፦ የቱ ይሠራል? የቱስ ያታልላል?

ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ... ብልት አልቆም ሲል ጓደኛ የማይመክረው ቅመም የለም። ሐኪም ፊት ቀርቦ ማውራት ያሳፍራል፤ ማድ ቤት ግን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ እውነት የሚሠራ አለ? ለመመለስ መጀመሪያ ብልት እንዴት እንደሚቆም እንይ።

ነገሩ የደም ጉዳይ ነው

የወሲብ ስሜት ሲመጣ በብልት ውስጥ ያሉ ነርቮችና የደም ስሮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ። ጋዙ የደም ስሮቹን ጡንቻ ያላላል፣ ደም በብዛት ይገባል፣ ስፖንጅ የመሰለው የብልት አካል ይሞላል። ያኔ ደም መልሶቹ ስለሚጨፈለቁ ደሙ እዚያው ይቆያል፤ ብልትም ይጠነክራል። ቫያግራም ቢሆን ይህንን የጋዙን መልእክት ቶሎ እንዳይጠፋ ያቆየዋል እንጂ ስሜትን አይፈጥርም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ ይበሉ። ወደ ብልት የሚሄደው ደም ቅዳ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የልብ ደም ቅዳ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። የደም ስሮች ውስጥ ስብ መጋገር ሲጀምር ቀድሞ የሚቸገረው ቀጭኑ ነው። ለዚህም ነው በብዙ ወንዶች ላይ የብልት አለመቆም ከልብ ሕመም ምልክቶች ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ የሚታየው። ችግሩ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከማድ ቤት ምን ይገኛል?

ቀይ ስር ውስጥ ያለው ናይትሬት በሰውነታችን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀየራል። ሀባብም ሲትሩሊን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ሰውነት ጋዙን እንዲሠራ ያግዛል። ጣሊያን አገር ቀለል ያለ ችግር ባለባቸው 24 ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን 1.5 ግራም ሲትሩሊን ለአንድ ወር ከወሰዱ በኋላ ግማሾቹ መሻሻል አሳይተዋል። ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተሰጣቸውም ሀባብ አልነበረም። ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ በአብዛኛው የአይጥ ነው። በምግብ መልክ ይብሏቸው፣ ጥሩ ናቸው። መድኃኒት ይሆኑኛል ብለው ግን አይጠብቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ማብዛት ለመድማት ሊያጋልጥዎት ይችላል።

እውነተኛው የቤት መድኃኒት

ጥሩ ማስረጃ ያለው መላ ብዙም ወጪ የለውም፦ እርምጃ። የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው በሳምንት 4 ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እስኪል መንቀሳቀስ በ6 ወር ውስጥ ለውጥ ያመጣል። ከመጠን በላይ በወፈሩ 110 ወንዶች ላይ ጣሊያን ውስጥ በተሠራ ሌላ ጥናት፣ አመጋገብና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ በቅርበት ከታገዙት መካከል ሲሶ ያህሉ በ2 ዓመት ውስጥ ወደ ጤነኛ ሁኔታ ተመልሰዋል።

ሁለተኛው ሽንት አቋርጦ እንደ መያዝ አድርጎ የዳሌ ሥር ጡንቻን መኮማተርና መልቀቅ ነው። እንግሊዝ አገር 55 ወንዶች በባለሙያ እየታገዙ ይህንን ሠርተው፣ ከ6 ወር በኋላ 40 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ ተሽሏቸዋል። ቁጭ ብለውም ይሠራል፣ ማንም አያይዎትም።

ሲጋራ የደም ስርን ግድግዳ ያበላሻል፤ ጫት የደም ስርን ያጠብባል፣ ግፊትም ይጨምራል፤ መጠጥ ሲበዛ ነርቭን ያደነዝዛል። እነዚህን መተው ከየትኛውም ቅጠል ይበልጣል።

«የተፈጥሮ» ተብሎ የሚሸጠው ማር

አንድ ማር በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ተአምር» ከሠራ ይጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአራት ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ በሚሸጡት ማር ውስጥ በቫያግራና በሲያሊስ ያሉት መድኃኒቶች ተደብቀው ተገኝተዋልና። አደጋው ምን መሰለዎት? ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ይህንን ከጨመረበት የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ማር ነው ብሎ የበላ ሰው ደግሞ ለሐኪሙም የሚናገረው ነገር የለውም።

መቼ ወደ ሐኪም?

ጠዋት ሲነቁ ብልትዎ የሚቆም ከሆነ መንስኤው ጭንቀት፣ ድካም ወይም ከትዳር አጋር ጋር ያለ ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ግን የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያድርጉ። የሚወስዱት የግፊት ወይም የድብርት መድኃኒትም መንስኤ ሊሆን ስለሚችል ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት። ሲራመዱ ደረትዎን የሚያምዎት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይሂዱ። ሐኪሙ ይህን ጥያቄ በየጊዜው ይሰማል፣ አዲስ አይሆንበትም። ለብልትዎ ብለው ሄደው ልብዎን ሊያተርፉ ይችላሉ።