ስለ ዕርቅ

ቂም እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ አመድ ቢለብስም ነፋስ ባገኘው ጊዜ ይነዳል።

በጎንደር ደጋ አገር፥ በወገራም በስሜንም፥ ሁለት ሰዎች በእርሻ ድንበር ተጣልተው አንዱ ቢገደል የሟች ወንድም ደም መላሽ ይሆናል። እርሱም ገዳዩን ቢገድል የገዳዩ ልጅ ይነሣበታል። እርሻው ጦም ያድራል፤ ልጆችም ያለ አባት ያድጋሉ።

ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች ካህኑን ይዘው ወደ ሟች ዘመዶች ይሄዳሉ። እንቢ ቢባሉም አይቈጡም፤ ተመላልሰው ይለምናሉ። ዘመዶቹ እሺ ያሉ እንደ ሆነ ገዳዩ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ምሕረት ይለምናል። የደም ካሳም ይከፍላል። ሁለቱም ወገኖች ቂማቸውን እንዲተዉ በመስቀል ፊት ይምላሉ።

ይህ ለሟች ወንድም እጅግ ከባድ ነው። ሐዘኑ አልወጣለትም፤ ፈሪ የሚለውም ጎረቤት አይጠፋም። ነገር ግን ይቅር ባለ ጊዜ የራሱን ልጆች ከሞት ያድናል።

ድል ያደረገ ንጉሥ እንኳ ጦርን የተወበት ጊዜ አለ። ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖትን ስለ ለወጡ የላስታ ሰዎች ሸፈቱባቸው። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በጦር ሜዳ የወደቁት ብዙ ሺህ ሰዎች የገዛ አገራቸው ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ።

ልጆች ሆይ፥ በቍጣ ዱላ ማንሣት ለማንም ይቻላል፤ የተነሣውን ዱላ ማውረድ ግን የብርቱ ሰው ሥራ ነው።