የሆስፒታሉ በር ሲዘጋ፦ በወረርሽኝ ጊዜ የበጎ ፈቃድ ሥራ ከየት ይገኛል?



ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ከምንሠራው መካከል የ12ኛ ክፍል ውጤታቸውን ከሻንጣቸው ሥር አስቀምጠው የመጡ ጥቂት አይደሉም። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ደቡብ ወሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ፤ ሐሳቤም ሕክምና መማር ነበር። የቤታችን ጉድለት ቀደመና በ2011 ዓ.ም. ማላዝ በሚባለው ሰፈር ለሥራ ገባሁ። ሐሳቤን ግን አልተውኩትም።

እንደ እኔ ያሰቡ እህቶች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ሐኪም ወይም ነርስ ለመሆን የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ የበጎ ፈቃድ ሥራ መሥራት አለበት ይባላል። ከቤት የማንወጣ ሰዎች ይህን ከየት እናመጣለን? እንደ ኮሮና ያለ በሽታ መጥቶ ሁሉ ሲዘጋስ?» በ2012 ዓ.ም. ካየሁትና ከሠራሁት ተነሥቼ ልመልስ።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ትምህርት ቤት ያስገባል?

መልሱ እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹን ከውጤቱ በተጨማሪ «ሰው ለመርዳት ምን ሠርተሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። በእኛ አገር ግን በሩን የሚከፍተው ፈተናው ነው። ሕክምና ለመማር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ መስክ ከፍ ባለ ውጤት ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናውም ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ እህቴ፣ «በጎ ሥራ ከሠራሁ ያስገቡኛል» ብለሽ መጽሐፉን አትዝጊ። የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚጠቅምሽ በሌላ መንገድ ነው። የታመመ ሰው ጭንቀት ሲቀርብሽ ትሸሻለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ? ምሥጢር መጠበቅ ትችያለሽ? የማታውቂውን «አላውቅም» ማለትስ? ይህን ብዙ ዓመት ከመማርሽ በፊት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

በሩ ለምን ተዘጋ?

ሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያስታወቀችው የካቲት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 14 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰዓት እላፊ ታወጀ። መጋቢት 28 ቀን ደግሞ ሪያድ ቀንም ሌሊትም ተዘጋች። ሰዓት እላፊ የጣሰ ሰው በመጀመሪያው ጊዜ 10,000 ሪያል ይቀጣ ነበር። ይህ ለብዙዎቻችን የዓመት ደመወዝ ያህል ነው። ሰዓት እላፊው ሙሉ በሙሉ የተነሣው ሰኔ 14 ቀን ነው።

በዚያ ሰሞን የማዳም እኅት ነርስ ነበረችና «ሆስፒታል ገብቼ ወለልም ቢሆን ልጥረግ» አልኳት። እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ የመከላከያ ልብስና ጭንብል ለሠራተኛውም አይበቃም፤ ያልሠለጠነ ሰው ከገባ ወይ ራሱ ይታመማል፣ ወይ በሽታውን ይዞ ወደሚሠራበት ቤት ይመለሳል። እኔ ደግሞ የምኖረው ከማዳም እናት ጋር ነው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ነገሩ ገባኝ። በወረርሽኝ ጊዜ ሆስፒታል ያልሠለጠነ ረዳት የማይቀበለው ሰው ንቆ ሳይሆን ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው።

ይህ በሌላውም አገር የሆነ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች እንኳ ለጊዜው ከታማሚዎች እንዲርቁ ተደርጓል። በብሪታንያ መንግሥት መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የበጎ ፈቃደኞች ጥሪ ሲያቀርብ በጥቂት ቀናት ውስጥ 750,000 ሰው ተመዘገበ። ለእነዚያ ሰዎች የተሰጣቸው ሥራ ከቤት ለማይወጡ ሰዎች መድኃኒትና አስቤዛ ማድረስ፣ ብቻቸውን ላሉትም ስልክ መደወል ነበር። በአገራችንም የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ከታወቀ በኋላ ሕዝቡ በ8335 እየደወለ ይጠይቅ ነበር፤ በሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየተዞረ ሙቀት ተለካ። የሆስፒታሉ በር ሲዘጋ ከሆስፒታል ውጭ ያለው ሥራ ይበዛል ማለት ነው። ያ ሥራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ቋንቋ፣ ትዕግሥትና መታመንን ነው። እነዚህን እኛም አናጣም።

ከቤት ሳንወጣ ምን ሠራን?

አንደኛ፣ ትክክለኛውን ነገር በአማርኛ ማድረስ። በእኔ ስልክ የሚገባው የጤና መልእክት በዐረብኛ ነበር፤ በኢሞና በዋትሳፕ በአማርኛ የሚዞረው ግን ብዙው ወሬ ነበር። «ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የጠጣ አይያዝም»፣ «ሙቀት አገር ስለሆነ አይደርስብንም» ይባል ነበር። ዐረብኛ የምናነብ ሦስት ሴቶች ተነጋግረን የጤና ሚኒስቴሩን መልእክት ብቻ በአጭር የድምፅ መልእክት በአማርኛ መላክ ጀመርን፦ እጅን በሳሙና ለ20 ሰከንድ መታጠብ፣ ርቀት መጠበቅ፣ ጭንብል ማድረግ፣ የታመመችን ሴት በተቻለ መጠን ለብቻዋ ማስተኛት። ስለ ዝንጅብልና ስለ ሎሚ ለጠየቁን «ጉሮሮ ያለዝባል፣ በሽታውን ግን አያድንም» ብለን መለስን። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርንም። ስለ ወረርሽኙ ሕዝብ የሚያስደነግጥ ወሬ ማሰራጨት በዚያ ወቅት ከ100,000 ሪያል ጀምሮ እስከ እስራት የሚያስቀጣ ነበርና።

ሁለተኛ፣ ታማሚዋን ከሐኪም ጋር ማገናኘት። መንፉሃ ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር እህት ትኩሳትና ሳል ይዟት በአራተኛው ቀን መተንፈስ ከበዳት። ኢቃማ አልነበራትም። «ሆስፒታል ከሄድኩ ይዘው ይመልሱኛል፤ ያለብኝን ብድር ማን ይከፍላል?» አለችኝ። ንጉሥ ሰልማን መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕክምና ለዜጋውም፣ ለነዋሪውም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም በነፃ እንዲሰጥ አዘው ነበር። ይህን ነገርኳት፤ አላመነችኝም። መልእክቱን በዐረብኛ ላክሁላትና ማንበብ የምትችል ጎረቤቷ አነበበችላት። ከዚያ 937 ደውዬ የሕመሟን ምልክት በዐረብኛ አስረዳሁ። በዚያው ቀን ሄደች፤ ዘጠኝ ቀን ተኝታ ወጣች። እኔ ሐኪም አልሆንኩላትም፤ በእርሷና በሐኪሙ መካከል የነበረውን ፍርሃት ግን ለማሳጠር ረዳሁ። ያ ትእዛዝ ስለ ኮሮና የተሰጠ መሆኑን ልብ በሉ። ለሌላ በሽታ «ነፃ ነው» ብላችሁ ለማንም ቃል አትስጡ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ብቻዋን የቀረችውን መጠየቅ። ያኔ አውሮፕላን ቆሞ ነበር። እናቷ አገር ቤት ያረፈችባት አንዲት እህት ለቅሶ መድረስ ቀርቶ የሚያለቅስላት ጎረቤት አላገኘችም። ማታ ከሥራ በኋላ በኢሞ ስምንት ሆነን ተሰባስበን አብረን አለቀስን፤ በሦስተኛውም በሰባተኛውም ቀን ደወልን። ይህንንም ሥራ ብላችሁ ቁጠሩት። በኀዘን ውስጥ ያለ ሰው ሲናገር ሳያቋርጡ መስማት የሐኪምም የነርስም ትምህርት ነው።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ያልሆነው የትኛው ነው?

ይህን መለየት ያስፈልጋል። የበጎ ፈቃድ ሥራ ማለት ወደሽ የጀመርሽውና ስትፈልጊ ልታቆሚው የምትችይው ነው። ማዳም «የታመመችውን እኅቴን ቤቷ ሄደሽ አስታሚ፣ ጽድቅ ነው» ብላ ያለ ክፍያና ያለ ጭንብል ብትልክሽ፣ ያ የተጫነብሽ ሥራ እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አይደለም። ለከፊልሽ ያልሆነ ቤት መሥራትም በሕግ ችግር ያመጣብሻል። በምትሠሪበት ቤት ያሉትን አዛውንት መንከባከብ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራሽ ነው። ልምድ ነውና ለወደፊት ይጠቅምሻል፤ ስሙ ግን ሥራ ነው።

ከመጀመርሽ በፊት እነዚህን አጥብቂ

ፈቃድ ጠይቂ። እኔ ማዳምን አስቀድሜ «ማታ ሥራዬን ስጨርስ አንድ ሰዓት ያህል ለአገሬ ልጆች ስለ በሽታው እነግራለሁ» አልኳት፤ ተስማማች። ተደብቀሽ ሌሊት በስልክ ስታወሪ ብትገኚ ስምሽን በሌላ ነገር ያነሡታል።

ገንዘብ አትሰብስቢ። ለታመመች እህት ማዘን ያለ ነው፤ ነገር ግን በሳዑዲ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ የተከለከለ ነው። እርዳታ የሚያስፈልጋት ካለች ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በሪያድ ላለው የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ አሳውቂ።

መድኃኒት አትዘዢ። «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው» ብለሽ ኪኒን አትላኪ። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ግራ መጋባት የታየባት ሴት ጊዜ አይሰጣትም፤ አምቡላንስ በ997 ትጥራ። ለሌላው የጤና ጥያቄ 937 አለ።

ምሥጢር ጠብቂ። የታማሚን ስም፣ ፎቶ ወይም የምትኖርበትን ቤት በቡድን መልእክት አታውጪ። ኢቃማ ለሌላት ሴት ይህ ከበሽታው ባላነሰ ይጎዳታል።

እንቅልፍሽን አትሽጪ። ንጋት ተነሥተሽ የምትሠሪ ሴት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ይዘሽ ብታድሪ መጀመሪያ የምትታመሚው አንቺ ነሽ። እኛ ሦስት ስለነበርን ምሽቱን ተካፈልነው፤ አንዷ ስትደውል ሁለቷ ይተኛሉ።

የሠራሽውን እንዴት ትይዢዋለሽ?

አንድ ደብተር ግዢ። በየዕለቱ ቀኑን፣ የፈጀብሽን ጊዜ፣ ምን እንደሠራሽና ምን እንደተማርሽ ጻፊ። የታማሚን ስም አትጻፊ። የእኔ ደብተር እንዲህ ይላል፦ «ሚያዝያ 9። 40 ደቂቃ። ለአንዲት እህት የሕመሟን ምልክት በዐረብኛ ተረጎምኩ። የተማርኩት፦ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ነው።» ሥራሽን በቅርብ የሚያውቅ የታመነ ሰው ካለ በሁለት መስመር መስክሮ እንዲፈርምልሽ ጠይቂ። ወደፊት ኮሌጅ ወይም የእርዳታ ድርጅት «ምን ሠርተሻል?» ቢልሽ የምታሳዪው ይኖርሻል።

ከዚህ ጎን ለጎን ተማሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ወረርሽኝና ስለ ንጽሕና በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ነፃ ትምህርቶች አሉ፤ በስልክ ይከፈታሉ። አገር ቤት ስትመለሺ ደግሞ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላል፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል።

ፈተናውን እንደገና ለመውሰድ የምታስቢ ከሆነ የግል ተፈታኞች ምዝገባ መቼ እንደሆነ ቤተሰብሽ በአካባቢያችሁ ካለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁልሽ አድርጊ። ዩኒቨርሲቲ ባይሳካም መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን በደረጃ ያሠለጥናሉ፤ የብቃት ምዘናውን ያለፈች ለሥራ መወዳደር ትችላለች። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጪ። በላብሽ ያጠራቀምሽው ሪያል ዕውቅና በሌለው ወረቀት እንዳይቀር።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ጊዜ ያበቃው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም የሚል ግን የለም፤ በአገራችን ኮሌራና ኩፍኝ ዛሬም ሰው ይጥላሉ። እስከዚያው በስልክሽ ካሉት ስሞች ውስጥ ዐረብኛ የማታነብ፣ ብቻዋን በአንድ ቤት ያለች፣ ብትታመም ለማን እንደምትደውል የማታውቅ አንዲት እህት አትጠፋም። በዕረፍትሽ ቀን ደውይላትና 937 እና 997ን አጽፊያት፤ ከዚያም ደብተርሽን ክፈቺና ቀኑን ጻፊ።