የጣና ዓሦችና የዝርያ ወሰን

ሕይወት ያላቸውን ነገሮች እየለዩ መሰየም የሰው ልጅ ጥንታዊ ልማድ ቢሆንም፣ የዛሬ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የሚገለገሉበትን የአሰያየም ሥርዓት ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው። ሊኒየስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1758 በታተመው ሥራው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) እያንዳንዱን እንስሳ በሁለት ቃል ጠራው፤ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበትን ክፍል ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ጋር ተጣምሮ ዝርያውን ለይቶ ያሳውቃል። ወገኖች በአስተኔ፣ አስተኔዎች በክፍለ መደብ፣ ክፍለ መደቦች በመደብ እየተጠቃለሉ ይሄዳሉ። ከእነዚህ እርከኖች ሁሉ ክርክር የሚበዛበት ግን የታችኛው፣ ዝርያ የተባለው ነው። ኤርነስት ማይር በ1942 ባቀረበው ብያኔ መሠረት ዝርያ ማለት እርስ በርሱ እየተራባ መውለድ የሚችል ዘር የሚተካ፣ ከሌላው ጋር ግን በተፈጥሮ የማይዳቀል የፍጥረታት ስብስብ ነው። ይህ ብያኔ በተግባር ሲፈተን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የጣና ሐይቅ ትላልቅ ዓሦች በሚገባ ያሳያሉ።

ላቢዮባርበስ ከተባለው ወገን የሆኑትን እነዚህን ዓሦች በ1830ዎቹ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ በመልካቸው እየለየ በርካታ ዝርያዎች አድርጎ መዘገባቸው። በ1973 ባኒስተር የተባለው ተመራማሪ የአፋቸውና የአካላቸው ልዩነት በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታይ መለያየት ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናጌልከርኬና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የዓሦቹን ቅርጽ ከመለካት አልፈው የሚበሉትን፣ የሚውሉበትን ጥልቀትና የሚራቡበትን ቦታ ሲመረምሩ፣ ልዩነቶቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አዩና ዓሦቹን 15 ዝርያ አደረጓቸው። በመካከሉ የተለወጠው የመመደቢያው ማስረጃ እንጂ ዓሣው አይደለም፤ ስለዚህ ምደባ በየጊዜው መታረሙ የሳይንሱ ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም።

እነዚህ ዝርያዎች ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ቻርልስ ዳርዊን በ1859 በመጽሐፍ ያብራራው የተፈጥሮ ምርጫ ነው። ሐሳቡ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ አባላት አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ከልዩነታቸውም ከፊሉ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ከሚወለዱትም ሁሉ ለመራባት የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። በአካባቢው ለመኖርና ለመራባት የሚያግዝ ባሕርይ ያለው ብዙ ዘር ስለሚተካ፣ ያ ባሕርይ በየትውልዱ እየተስፋፋ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ኃይለኛው ያሸንፋል» የሚል አባባል ይህን ሐሳብ ያዛባዋል፤ ምርጫው የሚያበዛው ብዙ ዘር የሚተካውን ነውና፣ ይህ ደግሞ ደካማ የሚመስለው ሊሆን ይችላል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። በዓባይ መውጫ በኩል 40 ሜትር የሚጠጋው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡ ዓሦችን ስለሚያግድ፣ በታችኛው ዓባይ የታወቀው ትልቁ አዳኝ፣ የናይል ፐርች፣ ወደ ሐይቁ አልደረሰም። የሐይቁ ደለል እንደሚያሳየው ከ15 ሺህ እስከ 17 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ውኃው ሲመለስ የገቡት ዓሦች ያለ ከባድ ተፎካካሪ ሰፊ መኖሪያ አገኙ። የዛሬዎቹን ዝርያዎች ጎን ለጎን ላየ ሰው ልዩነቱ በአፋቸው ላይ ይታያል፤ አንዱ ወፍራም ከንፈር ይዞ ከድንጋይ መሐል ትሎችን ይለቅማል፣ ብሬቪሴፋለስ የተባለው አነስተኛ ራስ ያለው ዝርያ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳትን ይበላል፣ ሜጋስቶማ ደግሞ በሰፊ አፉ ሌሎች ዓሦችን ይውጣል። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ዓሦቹ ለሚመደቡበት የካርፕ አስተኔ እንግዳ ነገር ነው፤ የዚህ አስተኔ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጨጓራም የላቸውም፣ ምግባቸውን የሚያደቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። በዘረ መል ሲታዩ ግን በዝርያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ቀጭን በመሆኑ፣ ገና በመለያየት ላይ ያሉ ናቸው ለማለት ያስደፍራል።

የመለያየታቸው አንዱ ምክንያት መራቢያቸው ሳይሆን አይቀርም። ከፊሎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ወጥተው ንጹሕና ጠጠራማ ወለል ባለው ውኃ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ በአንድ ወንዝ የሚራቡትም ቢሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ አይሰበሰቡም። ይኸው ልማዳቸው ግን ለአደጋ ያጋልጣቸዋል፤ ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር ከተስፋፋ ወዲህ በወንዞቹ አፍ ላይ የተሰበሰቡትን በብዛት መያዝ ቀላል በመሆኑ፣ ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ ቢያንስ በመራቢያው ወቅት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነጻ ሊያደርጉ ይገባል።