ሰሊጥ ይላክ የነበረው ጎማ ለማስመጣት ነው

በስብሰባ ላይ የማይነሳ፣ መርካቶ ውስጥ ግን ተሸካሚው ሳይቀር የሚያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ለዓመታት ሰሊጥ፣ ነጭ ቦሎቄና ቡና ወደ ውጭ ከላኩት መካከል ብዙዎቹ በላኩት ዕቃ አንድም ብር አላተረፉም። ሒሳቡን ሠርተው፣ አውቀው ነው የከሰሩት። እኔም ከእነዚህ የንግድ ቤቶች በአንዱ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ የድርጅቱ ስም ይቆየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው እንበል፤ ባንክ አንድ ዶላር በ28 ብር ገደማ ይመነዝራል። ከሁመራ ወይም ከመተማ የተገዛው ሰሊጥ ተበጥሮ፣ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ደርሶ አንድ ዶላር እስኪያስገኝ 32 ብር ወጥቶበታል እንበል። በእያንዳንዱ ዶላር አራት ብር ኪሳራ ማለት ነው። ሌላ አገር ያለ ነጋዴ እዚህ ላይ ሥራውን ይተዋል። የድርጅታችን ባለቤት፣ የእኛ ጋሼ፣ ግን ጨምረው ይገዛሉ። ከባንክ ዶላር ለማግኘት ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ ዓመት የጠበቀም አለ። ከሰሊጡ ዶላር የላኪው ድርሻ ግን ወረፋ የለበትም። ዶላሩ እኛ የምናስመጣው ጎማ ሆኖ ሲመለስ አራቱን ብር ከነትርፉ ያወጣል። በየወሩ የኪሳራውን ልክ አይተው «ዘንድሮ ዶላር በስንት ገባልን?» ይሉ ነበር እንጂ «ሰሊጡ ምን አተረፈ?» ሲሉ አልሰማሁም።

ጦሱ ለሌላው ተረፈ። የአገር ውስጡ ሰሊጥ ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ የሚሸጥባቸው ወቅቶች መጡ። ገበሬው አልተከፋም። የሁመራን ሰሊጥ አጥብቀው የሚፈልጉት የእስራኤል ጣሂና ሠሪዎችም አልተከፉም፤ ኢትዮጵያዊው ነጋዴ ከኪሱ እየደጎመ ይሸጥላቸው ነበር። የተቃጠለው የሚያስመጣው ነገር የሌለው፣ መላክን ብቻ ሙያው ያደረገ ነጋዴ ነው። በዋጋ ሊወዳደር ስለማይችል ወይ አስመጪ ሆነ፣ ወይ ከገበያው ወጣ።

አሁን ወደዚያ ዘመን ቢሮ ልግባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መዋቅር ላይ የገበያ ጥናት ክፍል፣ የሽያጭ ክፍል፣ የሰው ኃይል አስተዳደር አለ። የሽያጭ ኃላፊው ቀኑን ሙሉ ሻይ ይጠጣል፤ ጎማው ገና መርከብ ላይ እያለ በስልክ ተሸጦ አልቋልና። ጋሼ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠሩት ባንክ የሚመላለሰውን ልጅ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ ዶላር እንደገባለት፣ የማን ፋይል ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደወጣ፣ የትኛው ሥራ አስኪያጅ «ዲፖዚት አምጡልኝ» እያለ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። በወረቀት ላይ ጉዳይ አስፈጻሚ ይባላል። ደመወዙን ግን እኔ ነበርኩ የማዘጋጀው፤ ከሽያጭ ኃላፊው ይበልጥ ነበር።

እህት ኩባንያዎች የሚባሉትም የዚሁ ውጤት ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ድርጅቱ ያደገ ይመስላል፤ አንዱ በባለቤቱ ስም፣ አንዱ በወንድም፣ ሌላው በልጅ። ለአንድ ዕቃ በተለያዩ ባንኮች መመዝገብ ክልክል ስለነበረ፣ አንዱ ፕሮፎርማ (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ሦስት ስም ለብሶ ሦስት ወረፋ ላይ ይቆም ነበር። ላኪውና ዋናው አስመጪ ግን አይለያዩም። በአንድ የግብር ከፋይ ቁጥር ሥር ከሆኑ፣ 30 በመቶው የትርፍ ግብር ከመሰላቱ በፊት የሰሊጡ ኪሳራ ከጎማው ትርፍ ላይ ይቀነሳል። በወንድምና በልጅ ስም መክፈቱ የቤተሰብ ፍቅር ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም እላለሁ።

ከዚያ መመሪያ መጣ፤ ቤቱም በመመሪያው ልክ ተጠፈጠፈ። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ላኪው ከሚያመጣው ዶላር 70 በመቶውን ወስዶ፣ 10 በመቶ ለባንኩ፣ 20 በመቶ ለላኪው እንዲቀር አደረገ። ሃያ ሳንቲም ለማስቀረት በአንድ ሙሉ ዶላር ላይ መክሰር! ከዚያ በኋላ በደረሰኝ ላይ የሰፈረው ዋጋና ገዢው በእርግጥ የከፈለው ገንዘብ መለያየቱ በዛ ሲባል፣ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው አልተገረመም። በጥቅምት 2015 ደግሞ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተደረገ፤ አውቶሞቢል፣ ውስኪ፣ ሽቶ፣ የቤት ዕቃ። ሃያ ዓመት የቤት ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ በአንድ ደብዳቤ ሙያው ጠፋበት። ከፊሉ ቅድሚያ ወደሚሰጣቸው ዕቃዎች ዞረ። ሶፋ ይሸጥ የነበረ ሰው የሕክምና ጓንት አስመጪ ሲሆን አይቻለሁ፤ ስለ ጓንት የሚያውቀው ወረፋው አጭር መሆኑን ብቻ ነው። ከፊሉ ደግሞ «ፋብሪካ» ከፈተ። የተበታተነ ዕቃ አምጥቶ እዚህ በብሎን ማሰር ቀረጡን ይቀንሳል፣ ከአምራች ሰልፍም ያስቀምጣል። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ ፋብሪካ ሆነው የቀሩ አሉ፤ አልክድም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁሉም ተገለበጠ። ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ 38ቱ ዕቃዎች ተፈቀዱ፣ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከቡ ቀረና የላኪው ድርሻ ግማሽ ሆነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ገባ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ብዙም ሳይቆይ የማይታመን ነገር ሆነ፤ የባንክ ሰው ራሱ ደውሎ «ጋሼ፣ ዶላር አለን፣ ምን ይከፈትልዎ?» አለ። ጉዳይ አስፈጻሚው ልጅ በአንድ ክረምት ተራ ሰው ሆነ። ለኪሳራ መላክ ትርጉም አጣ፤ ዶላሩ ከባንክ በዋጋው ከተገኘ በሰሊጥ ዞሮ የሚገዛው ማን ነው? ያኔ ነው የሰሊጡ ክፍል ሠራተኞች ሰሊጥ ነግደው እንደማያውቁ የታየው። ገዢ ማፈላለግ፣ ዋጋ መከራከር፣ ጥራት መለየት አልለመዱም።

ግን ጭንቁ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። የ100 ሺህ ዶላር ኤልሲ (በባንክ በኩል ለውጭ ሻጭ የሚከፈትበት የክፍያ ሰነድ) በ57 ብር 5.7 ሚሊዮን ብር ይበቃው ነበር፤ ዶላሩ 120 ሲገባ 12 ሚሊዮን ጠየቀ። ብድር ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ተገድቦ ነበር፤ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ፣ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ትናንት ብር ይዞ ዶላር ያጣ ነጋዴ፣ ዛሬ ዶላሩ ፊቱ ተቀምጦ ብር ያጣል። ድርጅቱም እንደገና ተጠፈጠፈ። ሦስቱ እህት ኩባንያዎች ለዶላር ወረፋ አይጠቅሙም፤ ለየባንኩ ብድር መጠየቂያ ግን አሁንም ያገለግላሉ፣ ስለዚህ አልፈረሱም። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ይዞ ዋጋ እስኪንር መጠበቅም ቀረ፤ የተኛ ዕቃ የተኛ ብር ነው። ሻይ ይጠጣ የነበረው የሽያጭ ኃላፊ ሥራ አገኘ።

ከሁሉም በላይ የከበደው ግን ዱቤ ሰብሳቢው ነው። መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭም ብር ስላነሰው የወደፊት ቀን በተጻፈበት ቼክ ይወስዳል። የትኛው ቼክ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ባለሱቅ ሌላ ቦታ ዕዳ እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ሰው አለን። ጋሼ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠሩት አሁን እሱን ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄውም ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል።