ስሙ ሌላ፥ ፋብሪካው ሌላ፤ አሮጌው የዲስክ ፊልም ካሜራ ለነጋዴ የሚያስተምረው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው የሲኤምሲ ሰፈር ስሙን ያገኘው በራቬና ከተማ ከተቋቋመው የኢጣሊያ የሕንፃ ሥራ ማኅበር ምኅጻረ ስም ነው። ዛሬ በሰፈሩ የሚነግድም ሆነ የሚገበይ ሰው ስሙን ሲጠራ ማኅበሩን አያስብም። በንግድም ስም ከመነሻው ተለይቶ ብቻውን ይኖራል። ይህንን አጥርተው ከሚያሳዩት ዕቃዎች አንዱ፥ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚሹት የዲስክ ፊልም ካሜራ ነው።

የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ይህን ካሜራ ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ነበር። ፊልሙ እንደ ወትሮው የተጠቀለለ ሳይሆን፥ እንደ ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ ክብ ሆኖ በዙሪያው 15 ፎቶግራፎች ይይዛል። ካሜራው ቀጭንና በኪስ የሚያዝ ነበር፤ ነገር ግን የፊልሙ ምስል 11 በ8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ተልቆ ሲታተም ጥራት ያንሰዋል። ኮዳክ ካሜራውን መሥራት በ1988፥ ፊልሙን ደግሞ በ1999 አቆመ።

ገበያው በሞቀበት ጊዜ ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከትለው ሠሩ። በሆንግ ኮንግ ያለው ሃኪንግ፥ ሃሊና ከሚለው ከራሱ ምልክት ሌላ፥ ለልዩ ልዩ ነጋዴዎች በየስማቸው ካሜራ ይሠራ ነበር። አንስኮ የሚባለው የቆየ የአሜሪካ ስምም በኋላ በዚሁ ፋብሪካ ካሜራዎች ላይ ታትሟል። ስለዚህ ሰብሳቢው ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን አስቀምጦ፥ የአካሉን ቅርጽ፥ የብሎኖቹን ቦታ፥ የሌንሱን መስኮትና የተሠራበትን አገር ስም ያስተያያል። ፊልሙ ስለማይሠራ ዋጋው የሚገኘው ከአገልግሎቱ ሳይሆን ከሙሉነቱ፥ ከሣጥኑና ከስሙ ብርቅነት ነው።

የአንዱን ፋብሪካ ዕቃ በሌላ ስም መሸጥ በስምምነት ሲሆን የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ሆኖም አስመጪው ለዕቃው ስንት፥ ለስሙ ስንት እንደሚከፍል መለየት ይገባዋል፤ ሠሪውን፥ የመለዋወጫውን ሁኔታና የስሙን ባለቤት ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለሱቁም የራሱ ምልክት ካለው፥ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ቢያስመዘግበው ድካሙ ለሌላ አይተርፍም።

ላኪዎችም ከዚህ ድርሻ አላቸው። ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፥ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክታ፥ ከክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋራ መስማማቷ ይታወሳል። ቡናው ከአገር ሲወጣ ስሙ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ፥ ትርፉ ስሙን ለያዘው ሰው ይሆናል።