“ሃይብሪድ” ብስክሌት ለአዳማ ገዢ ያዋጣል?

ብስክሌት ለመግዛት ወደ አዳማ ገበያ ብቅ የሚል ሸማች ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ከአባቶች ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው ጥቁሩና ባለ አንድ ማርሹ የቻይና “ፎኒክስ” ወይም የሕንድ “ሂሮ” ነው። ሁለተኛው ወጣቱ “ማውንቴን” እያለ የሚጠራው ባለ ወፍራም ጎማ ነው። ሦስተኛውና በሻጮች አንደበት ይበልጥ የሚሞገሰው “ሃይብሪድ” የሚባለው ሲሆን፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን፣ ፈጣንም ምቹም ነው እየተባለ ይሸጣል። ጥያቄው ለዚህ ዝና የሚከፈለው ገንዘብ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገድ ላይ ተመልሶ ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ፣ በየቀኑ በባጃጅ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ደሞዝተኛ ብስክሌትን እንደገና እንዲያስብ ተገዷል። በሌላ በኩል የብስክሌቱም ዋጋ አልቆመለትም። ለምሳሌ ውጭ አገር በ150 ዶላር የሚገዛ ብስክሌት፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ሲታሰብ 8,550 ብር ነበር። ምንዛሪው በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 125 ብር አካባቢ ሲደርስ ያው ብስክሌት 18,750 ብር ሆነ። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመሩም። ይህን ያህል አውጥቶ የተሳሳተ ዕቃ የገዛ ሰው ገንዘቡን በቀላሉ አያገኘውም።

“ሃይብሪድ” ማለት ድቅል ማለት ነው። ብስክሌቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በአውሮፓ ሲሆን፣ ከእሽቅድምድም ብስክሌት ትልቁንና ቀለል ያለውን ጎማ፣ ከማውንቴን ደግሞ ቀጥ ያለውን መሪ፣ ጠንካራውን ፍሬንና ብዙውን ማርሽ ወስዶ የተሠራ ነው። የታሰበለትም ሰው እሽቅድምድም የማይወድ፣ ተራራም የማይወጣ፣ በጥሩ መንገድ ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስ ከተሜ ነበር። ገበሬው ድቅል የሚለውን ቃል ከበቆሎ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ የወጣው ቢኤች 660 ምርቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ዘር አስቀርቶ መልሶ መዝራት ስለማያዋጣ ገበሬው በየዓመቱ ወደ ዘር ሻጭ ይመለሳል። ድቅሉ ብስክሌትም ከዚህ ጠባይ የጸዳ አለመሆኑ ከታች ይታያል።

ሜዳውና ነፋሱ

ለዝናው የሚመሰክርለት የመጀመሪያው ነገር የአካባቢው አቀማመጥ ነው። ከሞጆ እስከ አዳማ፣ ከመቂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ያለው አገር በአብዛኛው ሜዳ ነው። በሜዳ አስፋልት ላይ ደግሞ ሃይብሪድ ማውንቴንን ያስንቃል። ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጥርሱ ያልፈጠጠና በደንብ የተነፋ ጎማ መንገዱ ላይ ሳይጎተት ይንከባለላል። የማውንቴኑ ጥርሳም ጎማ ግን አስፋልት ላይ እያጉረመረመ የነጂውን ጉልበት ይበላል። ክብደትም አለ፤ ተራ ሃይብሪድ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሲመዝን ፎኒክስ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ከቤቱ እስከ ሥራው አምስትና አሥር ኪሎ ሜትር አስፋልት ያለው ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

ማርሹን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይከፍላል። 21 ማርሽ የተባለው ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ጥርሳም ክብ ስላለው ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት ትልቁ 48፣ ከኋላ ትንሹ 14 ጥርስ ሲኖረው አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ይወስደዋል። ከፊት በ28፣ ከኋላ በ28 ሲሆን ሁለት ሜትር ከጥቂት ብቻ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው ለዳገት ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ ለሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል፤ በከተማው ውስጥ ግን ከፊት ያለው ትንሹ ክብ ሳይነካ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። 24 ማርሽ ተብሎ ዋጋ የተጨመረበትን ትቶ ባለ 7ቱን መግዛት ለአዳማ ነዋሪ ኪሳራ የለውም።

አዳማ ላይ ማርሽን የሚያስፈልገው ከዳገቱ ይልቅ ነፋሱ ነው። በከተማዋ ዳርቻ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት፣ እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው፣ ደረቱ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት ነፋስ ከሌለበት ቀን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሃይብሪድ ደግሞ ነጂውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ “ፈጣን ነው” የሚለው ማስታወቂያ በበጋው ነፋሻ ወራት ከሰዓት በኋላ ብዙም አይሠራም። ማርሽ መቀነስ ለሚችለው የሃይብሪድ ነጂ ግን ባለ አንድ ማርሹን ከሚነዳው ጎረቤቱ ይሻለዋል።

ሃያ ስምንት ሁሉ ሃያ ስምንት አይደለም

ገዢዎችን የሚያስለቅሰው ጉዳይ ጎማው ነው። በሃይብሪድ ጎማ ላይ 700 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ ያንኑ ጎማ 28 ይለዋል። ፎኒክስና ሂሮም 28 ናቸው። ስለዚህ የሃይብሪድ ጎማው ያለቀበት ሰው “28 ነው” ብሎ የፎኒክስ ጎማ ይገዛና ጎሚስታው ጋ ሲደርስ አልገጥም ይለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፎኒክሱ ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋቱ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሃይብሪዱ 622 ነው። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ሲነፋ ግን ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። በ26ም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ የማውንቴኑ 26 ክብ 559 ሲሆን፣ ቀጭኑና የድሮው 26 በ1⅜ ግን 590 ነው።

ለዚህ ግራ መጋባት መድኃኒቱ አይ.ኤስ.ኦ 5775 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በጎማው ጎን ላይ በደቃቅ ቁጥር የሚታተመው ምልክት ነው። 38-622 የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ፣ ሁለተኛው የሚቀመጥበት ክብ ስፋት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከተመሳሰለ ይገጥማል፤ ካልተመሳሰለ ሻጩ ምንም ቢምል አይገጥምም። በነገራችን ላይ “29” ተብሎ የሚሸጠው አዲሱ የማውንቴን ጎማ ክቡ ያው 622 ነው። ወርዱ በሹካውና በፍሬኑ መካከል ካለፈ ለሃይብሪድ ይሆናል፤ ከመነዳሪውም እንደዚሁ። ይህን የሚያውቅ ባለ ብስክሌት 700 ሲጠፋ 29 ብሎ ይጠይቃል።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር የከመነዳሪው መንፊያ አፍ ነው። አንዳንድ ሃይብሪድ ከአውሮፓ ልማድ የመጣ ቀጭን አፍ ይኖረዋል። በየጎሚስታው ያለው የአየር ጉሮሮ ለመኪናና ለባጃጅ አፍ የተሠራ ስለሆነ ቀጭኑን ያለ መገጣጠሚያ አይነፋም። ይህን ብስክሌት ሃይብሪድ የሚያሰኘው የጎማው ጥንካሬ እንደመሆኑ፣ አየር ባነሰው ጎማ መንዳት ዋጋውን ከመጣል አይለይም። የመኪና ዓይነት አፍ ያለውን መምረጥ ወይም ከመነዳሪውን ማስለወጥ ይበጃል።

እሾህ፣ አቧራና ጭነት

ከአስፋልቱ ሲወጣ ሚዛኑ ይለወጣል። ስምጥ ሸለቆ የግራርና የኩርንችት አገር ነው። መቂና ባቱ ዳርቻ ላይ በእግር መንገድ የሚያቋርጥ ነጂ ቀጭን ጎማውን በእሾህ ሲያስወጋ፣ ወፍራም ጎማ ያለው ጓደኛው ብዙ ጊዜ ያልፋል። መሬቱም ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ልል አመድና አሸዋ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ፣ በሸንኮራው ማሳ መካከል ባለው የአፈር መንገድ ላይ የ38 ሚሊ ሜትር ጎማ በበጋ አቧራ ውስጥ ይሰምጣል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ከፓራፋንጎው ሥር ገብቶ ያስረዋል። “ለኮረኮንችም ይሆናል” የሚለው አባባል የተነገረው ለተደለደለ የአውሮፓ ጠጠር ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን ሃይብሪድ አያሳፍርም፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይሄዳል።

አቧራው ሌላም ጣጣ አለው። የፎኒክሱ ካቴና በቆርቆሮ ሽፋን የተሸፈነ ነው። የሃይብሪዱ ካቴናና ማርሽ መቀየሪያ ግን ለአየር ክፍት ናቸው። በየጥገናው ቤት እንደሚደረገው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴናው ላይ ሲፈስስ አቧራውን ይሰበስብና እንደ ሞረድ ሆኖ ጥርሱን ይበላል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግና ትርፉን መልሶ መጥረግ ወጪ የሌለው ሥራ ነው፤ ሆኖም በየሳምንቱ መደረግ አለበት። ፎኒክስ ይህን አይጠይቅም።

ጭነት ላይ ሃይብሪድ በግልጽ ይሸነፋል። ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ላይ ብዙ ጊዜ 25 ኪሎ የሚል ይጻፍበታል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ወይም አንድ ሰው ከኋላ ለሚጭን አባወራ ይህ አይበቃም። በርካሹ ዓይነት ላይ ማርሹ በጥርስ ታስሮ ከኩሽኔታው ውጪ ስለሚንጠለጠል፣ ከባድ ጭነት ሲበዛበት የኋላው መዘውር ይጎብጣል፤ አንዳንዴም ይሰበራል። የአልሙኒየም ቻሲ ከተሰነጠቀም ተራው የብረት በያጅ አይበይደውም። የብረት ቻሲ ከበድ ቢልም በየመንደሩ ይበየዳል።

ከፊት ሞላ ያለው ሹካም ብዙ ይሞገሳል። በውድ ብስክሌት ላይ ጥቅም አለው። በርካሹ ላይ ግን ክብደት ይጨምራል፤ አቧራ ሲገባበት ይደርቅና ሞላ መሆኑ ይቀራል። ቀጥ ያለው ሹካ ይቀልላል፣ ዋጋውም ያንሳል፣ የሚበላሽ ነገርም የለው።

እንግዲህ ዕቃ የማይጭን፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን የሚመላለስ የቢሮ ሠራተኛ፣ አስተማሪ ወይም ተማሪ ከሆነ ሃይብሪድ የተባለለትን ያህል ባይሆንም ገንዘቡን ይመልስለታል። ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው ማውንቴን፣ ጭነት የሚያመላልስ ደግሞ ፎኒክስ ይሻለዋል። ማውንቴን ያለው ሰውም ሃይብሪድ ካማረው ብስክሌቱን መሸጥ የለበትም፤ ጥርሳሙን ጎማ አውጥቶ በዚያው በ559 ልክ ለስላሳ ጎማ ቢያስገባ የልዩነቱን አብዛኛውን ክፍል በሁለት ጎማ ዋጋ ያገኘዋል። አዲሱን ለመግዛት የቆረጠ ደግሞ ሂሳቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ሁለተኛውን ቁጥር 622 የሆነ መለዋወጫ ጎማ ከመደርደሪያው አውርዶ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ከሌለው ጎማው ባለቀ ጊዜ አዲስ አበባ መውረድ ግድ ይሆናል፤ የፍጥነት መንገዱ ደግሞ ብስክሌት አያስገባም።