የከሰል ጎታቾቹ፦ በስቶክተንና ዳርሊንግተን የባቡር መስመር ያገለገሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች



ስለ እንፋሎት ባቡር ሲነሣ አስቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፍጥነት ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ግን የባቡርን ገቢ በዋናነት የተሸከመው ከሰል የሚጎትተው አዝጋሚ ሎኮሞቲቭ ነበር። በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ አዝጋሚ መሣሪያ ስለ ምን ለብዙ ዘመን ተመራጭ ሆነ?

የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1825 ነው። ዋና ዓላማውም ከደርሃም የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል በቲስ ወንዝ ወዳለው ወደብ ማድረስ ነበር። በመክፈቻው ዕለት ባቡሩን የጎተተው በኒውካስል የተሠራው «ሎኮሞሽን» ነው። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች በቂ እንፋሎት ለማመንጨት ይቸገሩ ስለነበር፣ ፈረሶች ፉርጎ መሳባቸውን አላቋረጡም። አደጋውም ቀላል አልነበረም፤ በ1828 የሎኮሞሽን ቦይለር ፈንድቶ ነጂውን ገድሏል። የእንፋሎት ኃይል ፈረስን ይተካል ወይስ አይተካም የሚለው ጥያቄ ገና አልተቋጨም ነበር።

መልሱን ለማግኘት ብዙ የደከመው በሺልደን የጥገና ሥራውን ይመራ የነበረው ቲሞቲ ሃክወርዝ ነው። በ1827 የሠራው «ሮያል ጆርጅ» ስድስት መንኮራኩሮች የነበሩት ሲሆን፣ ሁሉም በብረት ዘንግ የተያያዙ ነበሩ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ሲተነፍስ አየር ወደ ምድጃው ስለሚስብ፣ እሳቱ ይበልጥ ይነድዳል።

መንኮራኩሮቹን ማያያዝ ስለ ምን አስፈለገ? የብረት መንኮራኩር የብረት ሐዲድን የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው፤ ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን የመጎተት ኃይሉ ከክብደቱ አንድ አራተኛ ገደማ ይደርሳል፤ ሲረጥብ ደግሞ ይቀንሳል። ከዚህ ያለፈ ኃይል ከተሰጠው መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። ኃይል የሚደርሰው ለአንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ፣ በሌሎቹ ላይ ያረፈው ክብደት ለጉተታ አይረዳም። ዘንጉ እንደ ቀንበር ነው፤ አንዱ በሬ ሲያዳልጠው ሌላው ይይዛል። ለዚህም ነው ሃክወርዝ የሎኮሞቲቩን ክብደት በሙሉ ለሥራ ያዋለው።

የመንኮራኩሩ መጠንም ምክንያት አለው። ትንሽ መንኮራኩር ፒስተኑ በተመላለሰ ቁጥር አጭር ርቀት ይሄዳል፤ በምትኩ ግን በሐዲዱ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ይበዛል። የሮያል ጆርጅ መንኮራኩር ቁመቱ 1.2 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንዳንድ የኋላ ዘመን ፈጣን የመንገደኛ ሎኮሞቲቮች ግን ከ2 ሜትር በላይ ይደርሱ ነበር።

ሃክወርዝን በሺልደን የተካው ዊሊያም ቡች ደግሞ ረጅም ቦይለር ያላቸውን ባለ ስድስት መንኮራኩር ሎኮሞቲቮች አስፋፋ። በረጅሙ ቦይለር ውስጥ የጋለው ጭስ ከመውጣቱ በፊት አብዛኛውን ሙቀቱን ለውኃው ስለሚያስተላልፍ ነዳጅ ይቆጥባል። ነገር ግን ምድጃው ከመጨረሻው የመንኮራኩር አክሰል ኋላ ስለሚንጠለጠል፣ ፍጥነት ሲጨምር ሎኮሞቲቩ ይወዛወዛል። ለመንገደኛ ባቡር ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ በዝግታ ለሚጓዝ የከሰል ባቡር ግን ያን ያህል አያሰጋም። ስለዚህም በሌላ ቦታ የተነቀፈው ንድፍ በዚህ መስመር ተወደደ። ከ1852 እስከ 1875 ባሉት ዓመታት «1001» የተሰኘው ምድብ 192 ሎኮሞቲቮችን አፍርቷል፤ ኩባንያው በ1863 ከኖርዝ ኢስተርን የባቡር ድርጅት ከተዋሐደ በኋላም ሥራው አልተቋረጠም።

የዚህ ምርጫ ፋይዳ በስቴይንሞር ተራራ ላይ ጎልቶ ይታያል። በ1861 የተከፈተው መስመር ከባሕር ጠለል በላይ 418 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከደርሃም ኮክ ወደ ምዕራብ ጠረፍ የብረት ማቅለጫዎች ያጓጉዝ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ የሚፈለገው ፉርጎዎቹን ሳይለቅ ሽቅብ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ ነበር፤ ኮኩ ካልደረሰ የማቅለጫው እሳት ይከስማልና።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የመሣሪያን ብቃት በተመደበለት ሥራ መመዘን እንዳለብን ነው። ከምድቡ የተረፈው በ1874 የተሠራው ቁጥር 1275 ዛሬ በብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ይህን ሎኮሞቲቭ የሚያይ ሰው፣ ትናንሽ መንኮራኩሮቹንና ዘንጋቸውን ልብ ብሎ ይመልከት።